አንድ ጠመንጃ፣ አራት ዓይነት ጥይት፦ የተርኪ አደን ዝግጅት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ አንድ የዱር ተርኪ፣ ከዶሮ በጣም የሚበልጥ የጫካ ወፍ፣ አቁስዬ አጣሁት። ይህን ማስታወሻ ያስጀመረኝ እሱ ነው።

ቦታው በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ ፎኪየር ካውንቲ፣ ከብሉ ሪጅ ተራሮች ግርጌ ያለ የከብት እርሻ ነበር። አውራው ከጫካው ጠርዝ ወጥቶ ቆመ። አርባ እርምጃ ቢሆን ነው ብዬ ተኮስኩ። ወፉ ተገለበጠ፣ ተነሣ፣ አንድ ክንፉን እየጎተተ ወደ ቁጥቋጦው ሮጠ። እስከ ቀትር ድረስ በእጄና በጉልበቴ እየዳህኩ ፈለግኩት። ያገኘሁት ሦስት ላባና በደረቅ ቅጠል ላይ የሳንቲም ያህል ደም ብቻ ነው። ከዚያ ተመልሼ ርቀቱን በሜትር ስለካው 53 ያርድ ሆኖ ተገኘ፤ ወደ 48 ሜትር ተኩል ማለት ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጥፋቱ የርቀት ግምት ብቻ አልነበረም። ጥይቱን የገዛሁት በሳጥኑ ላይ ያለውን ሥዕል አይቼ ነው። የእኔ ጠመንጃ ያንን ጥይት በዚያ ርቀት እንዴት እንደሚበትነው አንድ ቀን እንኳ በወረቀት ላይ አላየሁም ነበር። ዘንድሮ አደኑ ሚያዝያ 4 ይከፈታል። እስከዚያ ባሉት ቅዳሜዎች ጠመንጃዬን ማወቅ አለብኝ።

ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ልበል። ሾትገን እንደ ተራው ጠመንጃ አንድ አረር አይደለም የሚተኩሰው። በአንድ ጥይት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ የእርሳስ ፍሬዎች አሉ፤ ከአፈሙዙ ሲወጡ አንድ ላይ ናቸው፣ እየራቁ ሲሄዱ እየተበተኑ ይሰፋሉ። አጎቴ ቆቅና ጅግራ ያድንበት የነበረው ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃም የዚሁ ወገን ነው። ቆቅ በበረራ ላይ ስትመታ ብተናው ሰፋ ማለቱ ይጠቅማል። ተርኪ ግን ሌላ ነገር ነው። አውራው ከ8 እስከ 11 ኪሎ ይመዝናል፤ ደረቱ በወፍራም ላባና ሥጋ የተሸፈነ ስለሆነ እርሳሱ እስከ ልብና ሳንባ ዘልቆ በአንዴ ይገድለዋል ማለት አይቻልም። የሚመታው ጭንቅላቱና አንገቱ ነው፤ የራስ ቅሉና የአንገት አጥንቱ ተደምረው ከሕፃን መዳፍ ብዙም አይበልጡም። ስለዚህ ብተናው ጠባብ፣ የታመቀና ክፍተት የሌለው መሆን አለበት።

ጠመንጃዬ ሬሚንግተን 870 የሚባል ሾትገን ነው፣ 12 ጌጅ (ጌጅ የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት መለኪያ ነው)፣ ባለ 3 ኢንች ጥይት ጎራሽ። ሞዴሉ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ የሚሠራ በመሆኑ መለዋወጫው በየቦታው ይገኛል። የገዛኋቸው ጥይቶች ሦስት ናቸው፦ እርሳስ ቁጥር 4፣ ቁጥር 5 እና ቁጥር 6 (ቁጥሩ የፍሬውን መጠን ያመለክታል)፤ ሁሉም 1¾ አውንስ፣ ወደ 50 ግራም የሚጠጋ ፍሬ የያዙ። አራተኛው ውድ ነው፤ ለኋላ አቆይቼዋለሁ። የኩባንያ ስም አልጽፍም። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ጠመንጃዎች እንኳ አንዱን ጥይት በተለያየ መንገድ ይበትኑታል። የእኔ ውጤት ለእኔ ጠመንጃ ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

ጠዋት በ4 ዲግሪ ብርድ እርሻው ደረስኩ። የእርሻው ባለቤት ሽማግሌ ከጋጣው ጀርባ ባለው የአፈር ግርዶሽ ፊት እንድተኩስ ፈቅደውልኛል። ከሁለት የእንጨት ቋሚዎች ላይ 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ቀለም ቀቢዎች ወለል የሚሸፍኑበትን ቡናማ ወረቀት ወጠርኩ። መሐሉ ላይ የተርኪ ጭንቅላትና አንገት በትክክለኛ መጠኑ በወፍራም ብዕር ሣልኩ። ርቀቱን በሜትር ለክቼ በየ10 ያርዱ ችካል ተከልኩ። ያርድ 91 ሴንቲ ሜትር ናት፤ እዚህ አገር ጥይትም ሕግም በያርድ ስለሚነገር እኔም በዚያው እቀጥላለሁ።

መጀመሪያ ሁለት ቀላል የልምምድ ጥይት በ20 ያርድ ተኮስኩ፤ ሰውነት እንዲላመድ ነው። ከዚያ ወደ 40 ያርድ። አፈሙዙ ላይ የተጠመደው ከጠመንጃው ጋር የመጣው ‘ፉል’ የሚባለው ቾክ ነው። ቾክ ማለት በአፈሙዙ ጫፍ የሚሰካ፣ ቀዳዳውን በትንሹ የሚያጠብ የብረት ቱቦ ነው። የ12 ጌጅ ቀዳዳ 18.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፉል ቾክ ከዚያ ላይ ወደ 0.9 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል። ያቺ አንድ ሚሊ ሜትር የማትሞላ ልዩነት ናት ብተናውን የምትወስነው።

ከእያንዳንዱ ጥይት ሦስት፣ በድምሩ ዘጠኝ ተኮስኩ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። 50 ግራም እርሳስ የሚገፋ ጥይት ክፉኛ ይራገጣል። ጋቢዬን አራት እጥፍ አድርጌ ትከሻዬ ላይ ባላደርግ ኖሮ አምስተኛው ላይ አቆም ነበር። ሰው አንዴ እርግጫ መፍራት ከጀመረ ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያ በኋላ የሚተኮሰው ሁሉ ስለ ጥይቱ ምንም አይናገርም። በየጥይቱ ዓይነት መካከል የጠመንጃውን ውስጥ ወለወልኩ። የጆሮ መከላከያና መነጽርም አላወለቅኩም።

ማታ ወረቀቶቹን የማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው። መለኪያው 10 ኢንች ወይም 25 ሴንቲ ሜትር ክብ ነው፤ በ40 ያርድ እዚህ ክብ ውስጥ 100 ፍሬ ያስገባ ጠመንጃ ለተርኪ ብቁ ነው የሚለው በአዳኞች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ልኩ ከባለቤቴ የሽሮ ድስት ክዳን ጋር ስለሚመጣጠን በእሱ ዙሪያ አሰመርኩ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ መጥታ ‘አባዬ፣ እኔ ልቁጠር?’ አለችኝ። ‘በአማርኛ ከቆጠርሽ ቁጠሪ’ አልኳት። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ በአረንጓዴ ብዕር ነጥብ እያደረገች ጀመረች። ሃምሳዎቹን አልፋ ስልሳ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ‘ሰማንያ’ ብላ ዘለለች፤ መለስኳት፣ ሰባውን አስታውሳ ቀጠለች። ቀዳዳዎቹ ጠርዛቸው ላይ እርሳሱ የተወው ግራጫ ቀለበት አላቸው፤ በጣት ሲነካ ይጠቁራል። ስለዚህ ስንጨርስ ሁለታችንም እጃችንን በሳሙና በደንብ ታጠብን። እርሳስ መርዝ ነው፤ በተለይ ከልጅ ጋር ዋዛ የለውም።

ቆጠራው፦ ቁጥር 4፣ 52፣ 61፣ 49። ቁጥር 5፣ 88፣ 94፣ 79። ቁጥር 6፣ 97፣ 118፣ 103። አማካዩ 54፣ 87፣ 106 ነው።

ባለፈው ዓመት የተኮስኩት ቁጥር 4 ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ቆጠራውን ያደረግነው ፍሬው በታመቀበት ቦታ ላይ ክዳኑን እያስቀመጥን ነው፤ የታመቀበት ቦታ ግን ካነጣጠርኩበት ጋር አልገጠመም። በዘጠኙም ወረቀት ላይ ወደ ግራ 15፣ ወደ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሸሽቷል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ዛሬ ተኩስ የለም። ከሥራ መልስ ቁጥሮቹን ይዤ ተቀመጥኩ።

የፍሬ ቁጥር ሲያድግ ፍሬው ያንሳል። ቀላል መንገድ አለ፤ ከ17 ላይ የፍሬውን ቁጥር ቀንስ፣ የሚቀረው የፍሬው ውፍረት በመቶኛ ኢንች ነው። ቁጥር 5 ሲሆን 12 ይቀራል፤ 0.12 ኢንች፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ። በአንድ አውንስ ውስጥ ከቁጥር 4 ወደ 135፣ ከቁጥር 5 ወደ 170፣ ከቁጥር 6 ወደ 225 ፍሬ ይገባል። ቁጥር 6 ክቡን በብዛት መሙላቱ ስለዚህ አይገርምም፤ ከመነሻው ብዙ ነበር። ግን አንዱ የቁጥር 5 ፍሬ ከአንዱ የቁጥር 6 ፍሬ በ30 በመቶ ገደማ ይከብዳል። ክብደት ያለው ፍሬ ፍጥነቱን በቀላሉ አይለቅም፤ አጥንት ላይ ሲደርስ ይሰብራል። ብዛትና ጉልበት ይሻማሉ። ምርጫው ያለው እዚያ መካከል ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ ሕጉ ከቁጥር 2 የበለጠ ትልቅ ፍሬ ለተርኪ ይከለክላል፤ በጸደይ መተኮስ የሚፈቀደውም ደረቱ ላይ እንደ ጢም የተንጠለጠለ ፀጉር መሰል ላባ ያለውን ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አደኑ ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ እስከ ቀትር ብቻ ነው። አንዳንድ ወገኖቻችን ይህን ሁሉ ደንብ ሲሰሙ ‘ለአንድ ዶሮ!’ ይላሉ። እኔ ግን ደንቡን እወደዋለሁ። በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ይህ ወፍ ከብዙ ግዛቶች ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣ ሕግ በጠመንጃና በጥይት ላይ የሚከፈለው ታክስ ለዱር እንስሳት ማገገሚያ እንዲውል አደረገ፤ በረጅም ጠመንጃና በጥይት ላይ 11 በመቶ ነው፣ ከአምራቹ ስለሚሰበሰብ በደረሰኝ ላይ አይታይም። ባለሙያዎች በመድፍ በሚወረወር መረብ ተርኪዎችን ከተረፉበት ጫካ እየያዙ ወደ ባዶዎቹ አዛወሩ። ብሔራዊው የዱር ተርኪ ፌዴሬሽንም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1973 እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ፍሬድሪክስበርግ ውስጥ ነው፤ ከቤቴ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ነው። ዛሬ ወፉ በሚሊዮን ይቆጠራል። ሰዎች እንዲህ ለፍተው የመለሱትን ወፍ አቁስዬ ጫካ ውስጥ መተዌ ነው እንቅልፍ የነሣኝ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ዛሬ መጀመሪያ ያደረግኩት ካለፈው ዓመት ጀምሮ ስፈራው የነበረውን ነገር ነው። ካለፈው ዓመት ሳጥን የቀረች አንዲት ቁጥር 4 ጥይት ነበረችኝ። ያንኑ ቾክ፣ ያንኑ በአፈሙዙ ጫፍ ያለ ማነጣጠሪያ ዶቃ ይዤ ወረቀቱን 53 ያርድ ላይ አቆምኩና አንዴ ተኮስኩ።

ሄጄ ሳየው ፍሬው በታመቀበት ቦታ እንኳ ክዳኑ ውስጥ የገባው 19 ብቻ ነበር፤ እሱም ከሥዕሉ በስተ ግራ 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ። በሥዕሉ ላይ ያረፈው አንድ ፍሬ ነው፤ የአንገቱን ቆዳ ጫፍ ነክቶ አልፏል። አጥንት ላይ ምንም የለም። ገላው ሊኖር በሚችልበት ቦታ ግን እዚህም እዚያም ተበታትኖ አሥር የሚያህል ቀዳዳ አለ። ቆሜ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ወፉ ለምን እንደተገለበጠ፣ ለምን እንደተነሣ፣ ክንፉን ለምን እንደጎተተ ሁሉም እዚያ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ወረቀቱን አልጣልኩትም፤ ጥይት በማስቀምጥበት ቁም ሣጥን በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ከዚያ ወደ ማነጣጠሩ ጉዳይ። ሽማግሌው ከጎን ቆመው ሁለት ጊዜ ስተኩስ አዩኝና ‘ጉንጭህን ከሰደፉ ላይ ታነሣዋለህ’ አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የሾትገን የኋላ ማነጣጠሪያው የተኳሹ ዓይን ነው፤ ዓይን ከፍ ሲል ጥይቱም ከፍ ይላል፣ ወደ ጎን ሲያዘነብል ጥይቱም ያዘነብላል። በዶቃ ብቻ በየጊዜው ራስን በአንድ ቦታ ማሳረፍ ልምድ ይጠይቃል፤ በተለይ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ዛፍ ተደግፎ፣ ሰውነት ተጠማዝዞ ሲሆን። ስለዚህ ቀይ ነጥብ የሚያበራ ማነጣጠሪያ ገዝቼ ገጠምኩ። ነጥቡ ባለበት ጥይቱ አለ፤ ጉንጭ ትንሽ ቢነሣም ብዙ አይስትም።

በ20 ያርድ በቀላል ጥይት አቀራረብኩት። በ40 ያርድ ደግሞ በቁጥር 5 ስሞክረው 13 ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ ቀረ። ማስተካከያው አንድ ‘ቀጭ’ ባለ ቁጥር በዚህ ርቀት ከአንድ ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። 12 ጊዜ ወደ ቀኝ አዞርኩት። የሚቀጥለው ተኩስ መሐሉን አገኘ፤ እርግጠኛ ለመሆን አንድ ደገምኩና አቆምኩ። ነፋሱም ቋሚዎቹን ሁለት ጊዜ ጥሏቸዋል፤ የመጋቢት ነፋስ እዚህም ያው ነው። ጾም እንደሆንኩ ስለሚያውቁ የሽማግሌው ባለቤት ለውዝና ዳቦ አመጡልኝ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

የቾክ ቀን። ለተርኪ ተብሎ የተሠራ፣ ውስጡ 0.665 ኢንች የሆነ ቾክ ገዝቻለሁ፤ ከጠመንጃው ቀዳዳ ላይ ወደ 1.6 ሚሊ ሜትር ያጠብባል። አየሩ 14 ዲግሪ ነው። ብርድ አየር ብተናውን በመጠኑ ያሰፋዋል ስለሚባል የዛሬን ቁጥር ከየካቲት 29 ጋር በቀጥታ ማወዳደር ልክ አይሆንም። ስለዚህ በፉል ቾክ አንድ ቁጥር 5 ደግሜ ተኮስኩ፤ 91 ገባ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ዛሬ የማየው ለውጥ ከቾኩ ነው ማለት እችላለሁ።

በአዲሱ ቾክ ቁጥር 5፦ 121፣ 113፣ 126። ቁጥር 6፦ 128፣ 96፣ 131። ከቁጥር 4 ሁለት ብቻ ተኮስኩ፦ 71 እና 66። እሱን እዚህ ላይ ተሰናበትኩት።

ቁጥር 5 እና ቁጥር 6 በአማካይ እኩል ሊባሉ ይችላሉ፤ 120 እና 118። እዚህ ላይ ቆጠራ ብቻ በቂ እንዳልሆነ ገባኝ። ሁለተኛውን የቁጥር 6 ወረቀት ሳየው ከክቡ በላይኛው ቀኝ በኩል እጄን ከነጣቶቹ የሚያስቀምጥ ባዶ ቦታ አለ። አንድም ፍሬ አልነካውም። ወፉ ጭንቅላቱን እዚያ ላይ ይዞ ቢሆን ኖሮስ? ስለዚህ ሌላ ቆጠራ ጨመርኩ፦ በሥዕሉ ላይ የራስ ቅልና የአንገት አጥንት ላይ ያረፉትን ብቻ። ቁጥር 5፦ 9፣ 7፣ 11። ቁጥር 6፦ 10፣ 4፣ 12። አራት ፍሬ ምናልባት ይበቃል፤ ምናልባት አይበቃም። እኔ ደግሞ ‘ምናልባት’ን ይዤ ጫካ አልገባም።

ሽማግሌው ከሳጥናቸው አንድ ይበልጥ የጠበበ፣ 0.640 ቾክ አውሰውኝ ነበር። ይበልጥ ቢጠብ ይበልጥ የሚያምቅ መስሎኝ ጓጉቼ ነበር። በቁጥር 5 ሁለቴ ሞከርኩት፦ 92 እና 101። ወረደ። ፍሬዎቹ በጠባቡ በር ሲጨናነቁ እርሳሱ ለስላሳ ስለሆነ ይጨፈለቃል፤ የተጨፈለቀ ፍሬ ደግሞ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ወደ ዳር ይወጣል። አመስግኜ መለስኩላቸው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

አራተኛው ጥይት ዛሬ ወጣ። ቲኤስኤስ ይሉታል፤ ፍሬው ተንግስተን ከሚባል ከባድ ብረት የተሠራ ነው፣ ቁጥር 9። አምስት ጥይት የያዘች ሳጥን 60 ዶላር ገደማ አስወጥታኛለች፤ አንዷ ጥይት 12 ዶላር ማለት ነው። የእርሳሱ አንዷ ሁለት ዶላር ከምናምን ነው።

መጀመሪያ ነገሩን ማመን አቅቶኝ ነበር። ቁጥር 9 እርሳስ ቢሆን ኖሮ ለድርጭት ነው የሚሆነው፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። አንዷን ጥይት ቀድጄ ፍሬዎቹን መዳፌ ላይ አፈሰስኳቸው። ከሰናፍጭ ብዙም የማይበልጡ፣ ጥቁር ግራጫ፣ ፍጹም ድቡልቡል ናቸው። ግን ይከብዳሉ፤ እጅ ላይ ሲያርፉ ዓይን ያየውንና እጅ የተሰማውን ማስታረቅ ያስቸግራል። እርሳስ በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 11 ግራም ያህል ሲሆን ይህ 18 ነው። ሒሳቡን ሠራሁት። አንዷ የተንግስተን ቁጥር 9 ከአንዷ የእርሳስ ቁጥር 5 በክብደት ግማሽ አትሞላም፤ አየሩን የምትገፋበት ግንባሯ ግን ከግማሽም በይበልጥ ያንሳል። ስለዚህ በስፋቷ ልክ የምትሸከመው ክብደት ከቁጥር 5 እርሳስ አያንስም፣ እንዲያውም ትንሽ ይበልጣል። ደግሞም ጠንካራ ስለሆነች አትጨፈለቅም። በአንድ ጥይት ውስጥ 630 ያህል አሉ።

በ40 ያርድ ሁለት ተኮስኩ፦ 214 እና 227። በ50 ያርድ አንድ፦ 131። ዝም አልኩ። በ50 ያርድ የሠራው እርሳሱ በ40 ከሚሠራው በላይ ነው።

ለማነጻጸር እርሳስ ቁጥር 5ን በ50 ያርድ ሞከርኩት፦ 58 እና 49፤ አጥንት ላይ 3 እና 2። ከዚያ በ30 ያርድ፦ 188 እና 179፤ አጥንት ላይ 15 እና 14። ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። በ40 እና በ50 መካከል ያለችው አሥር ያርድ፣ ከዘጠኝ ሜትር ብዙም የማትበልጠው፣ የተመታው ይሞታል በሚባልና በማይባል መካከል ያለች ድንበር ናት። ዓይን ደግሞ ያቺን አሥር ያርድ አይለይም፤ በተለይ ጎህ ሲቀድ።

በ10 ያርድም ተኮስኩ። ብዙ ሰው ቅርብ ሲሆን ቀላል ይመስለዋል። ወረቀቱ ላይ ያገኘሁት የቡና ስኒ አፍ የሚያህል አንድ የተቀደደ ቀዳዳ ነው፤ ሰባት ሴንቲ ሜትር። ከጎኑ ፍሬውን የሚይዘው የፕላስቲክ ስኒ መትቶ የቀደደው ሌላ ቀዳዳ አለ። በዚህ ርቀት ወፉ አንገቱን አንድ ጊዜ ወደ ጎን ካወዛወዘ ሳተ ማለት ነው። ስለዚህ ጠባብ ቾክ ለሩቁ የሚሰጠውን ከቅርቡ ላይ ይወስዳል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 27

ወሰንኩ። እርሳስ ቁጥር 5፣ የ0.665 ቾክ፣ ቀይ ነጥብ፣ ከ40 ያርድ በላይ ፈጽሞ አይተኮስም።

ቲኤስኤሱን ለምን ተውከው የሚል ይኖራል። ገንዘቡ አንዱ ምክንያት ነው፤ ግን ዋናው አይደለም። በዚያ ጥይት 50 ያርድ የሚያስኬድ ከሆነ እኔ 60ን አስባለሁ፤ ራሴን አውቃለሁ። የተርኪ አደን ደስታው በድምፅ ጠርቶ ማቅረብ ነው። ከሩቅ ለመምታት አይደለም ማለዳ የምነሣው። በሌላ በኩል እርሳስን ስለመተው የሚነሣው ክርክር እውነት አለው፤ ለውኃ ወፎች እርሳስ በመላ አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ክልክል ነው። የተርኪው ሕግ እስካሁን ይፈቅዳል፤ የልጄ ሳህን ላይ ግን የእርሳስ ፍሬ እንዳይገኝ የማደርገው ጭንቅላት ላይ ብቻ በመተኮስና የተመታውን ክፍል በመጣል ነው። ዋጋው ሲረክስ ወደ ሌላው እሻገር ይሆናል።

ሽማግሌው አንድ ነገር አሳሰቡኝ፤ በቀጥታ እጽፈዋለሁ፣ ለሌላ አበሻ አዳኝ ይጠቅማል። ጋቢዬን አይተው ‘ይህ መኪና ውስጥ ይቀራል’ አሉ። የአውራ ተርኪ ጭንቅላት በጸደይ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ነው፤ በቁጥቋጦ መካከል ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ ያየ ሌላ አዳኝ ወፍ ነው ብሎ ሊተኩስ ይችላል። የአዳኝነት ትምህርቱም ላይ ይህ ተነግሮኝ ነበር፤ ጋቢ ግን በአእምሮዬ አልመጣም። ነጠላም፣ ነጭ ካልሲም፣ ነጭ መሐረብም ያው ነው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4

የመክፈቻው ቀን፣ የሆሳዕና ዋዜማ። ጨለማ ሳለ ከትልቅ የወርካ መሰል ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ከመቀመጤ በፊት ትናንት ማታ በሜትር ለክቼ በ20፣ በ30 እና በ40 ያርድ የተከልኳቸውን ደረቅ ቅርንጫፎች በዓይኔ ፈለግኩ።

ጎህ ሲቀድ ከሸለቆው ማዶ አንድ አውራ ጮኸ። ጠራሁት፣ መለሰ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከሁለት እንስቶች ኋላ ጅራቱን ዘርግቶ እየተጎማለለ መጣና ከ40ው ቅርንጫፍ ማዶ ቆመ። ሃምሳ ይሆናል፣ ምናልባት ሃምሳ አምስት። አርባ ደቂቃ ያህል እዚያው ዞረ። ደረቱ በፀሐይ ላይ ነሐስ ይመስል ነበር። ጣቴ ከምላጩ መከላከያ ውጭ እንዳለ ቀረ። የቁም ሣጥኔ በር ላይ ያለው ወረቀት ነበር በዓይኔ የሚመላለሰው። እንስቶቹ ወደ ማዶ ሲሄዱ ተከተላቸው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18

ፋሲካ አለፈ፤ በዓለ ሃምሳ ነው፣ ጾም የለም።

ያው ዛፍ፣ ያው ቅርንጫፎች። በጩኸት አልመጣም ዛሬ። ዝም ብሎ ነው የመጣው፣ ብቻውን፣ በግራ በኩል። ያየሁት 30ው ቅርንጫፍ አጠገብ ሲደርስ ነው። ጅራቱን ዘርግቶ፣ አንገቱን ወደ ገላው ሰብስቦ ይጎማለላል። እንደዚያ ሳለ አይተኮስም፤ አንገቱ ተሸሽጎ የሚታየው ቀዩ ጭንቅላት ብቻ ነው። ጠበቅኩ። እንደ ቆቅ ነው ንቃቱ፤ ዓይኔን እንኳ ማርገብገብ ፈራሁ። በምላሴ አንድ ጊዜ ‘ቀጭ’ አደረግኩ። ጅራቱን አጠፈና አንገቱን እንደ በትር ወደ ላይ ቀጥ አደረገው። ቀይ ነጥቡ የአንገቱ መሐል ላይ ነበር።

በቆመበት ወደቀ። ሮጬ ደርሼ በስመ አብ ብዬ ሳርደው ክንፉ ገና ይራገብ ነበር። ቆሜ ስለካው 31 ያርድ። ክብደቱ 9 ኪሎ ተኩል፣ ጢሙ 25 ሴንቲ ሜትር። ሕጉ እንደሚያዘው በስልክ አስመዘገብኩ።

ባለቤቴ ‘ይህን በአሥራ ሁለት ብልት ማን ይጨርሰዋል?’ እያለች ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። እኔና ልጄ ጓሮ ጋዜጣ አንጥፈን የጭንቅላቱንና የአንገቱን ቆዳ ገፈፍን። አረንጓዴ ብዕሯን ይዛ መጥታ ነበር፤ የሚጻፍበት ስለሌለ ፍሬዎቹን እያወጣን በቆርቆሮ ክዳን ላይ ደረደርናቸው። ጓንት አድርገናል። አንዱ ጠፍጣፋ ሆኗል፣ የራስ ቅሉን ያገኘው እሱ ይመስለኛል። በአማርኛ ቆጠረች፣ ሳትዘል፣ አሥራ ሦስት ላይ ቆመች። ደረቱን ከፍተን ፈለግን፤ ምንም የለም። ከክንፉ ጫፍ ላይ አንድ አገኘን።

መጋቢት 20 ቀን በ30 ያርድ የተመታውን ወረቀት አምጥታ አጠገቡ ዘረጋችው። እዚያ ላይ በራሷ እጅ የጻፈችው ቁጥር 14 ነበር።